ሀዲድ የሌለው ጠባቂ

አሰገደች የአማቷን ፍራሽ ስትገለብጥ ቦምብ አገኘች። ቢያንስ ያገኘችው ቦምብ መሰላት፤ በስልሳ ስድስቱ መጋቢት ደግሞ አሰላ ውስጥ ቦምብ በመሆንና ቦምብ በመምሰል መካከል ያን ያህል ርቀት አልነበረም። ባሏ ፈቃደ የግብር ጸሐፊ ነው። ጠዋት ለሥራ ወደ ሳጉሬ ከመሄዱ በፊት የጫማውን ክር እያሰረ፣ ግድግዳው እንዳይሰማው የፈራ ይመስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ጽሑፍ ያለበት ነገር ሁሉ ይቃጠል" አላት። ሌሊት የገበያው አጥር ላይ ስለ መሬትና ስለ ባለመሬት የሚያወራ ወረቀት ተለጥፎ አድሮ ነበርና ፖሊስ ቤት ለቤት ሊፈትሽ ነው ተብሏል። አሰገደች ማንበብ ስለማትችል ሳታዳላ አቃጠለች፤ የድሮ ጋዜጣውን፣ የስኳሩን መጠቅለያ፣ የሐኪም ማዘዣውን፣ የራሷን የሠርግ መጥሪያ። የጃንሆይ ፎቶግራፍ ያለበት የቀን መቁጠሪያ ላይ ስትደርስ እጇ ተያዘ። ጽሑፍ ስላለበት መቃጠል አለበት፤ ጃንሆይ ስላሉበት ደግሞ ማቃጠሉ ያሳስራል። በመጨረሻ ወራቱን ከሥር ቀድዳ ምድጃ ውስጥ ከተተችና ጃንሆይን ያለ ቀንና ያለ ወር መልሳ ሰቀለቻቸው። ወደ አማቷ ክፍል የገባችው ከዚያ በኋላ ነው።

አቶ ወልደሰንበት የሚኖሩት ጓሮ ባለችው አንዲት ክፍል ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ በምድር ባቡር ሀዲድ ጠባቂ ሆነው ሠርተው፣ ጡረታ ወጥተው፣ ሚስታቸውን መተሐራ ቀብረው፣ ባቡር ደርሶበት ወደማያውቀው ደጋ ወደ ልጃቸው ቤት መጡ። ክፍሏ ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ ለሌላ አገር የተሠራ ነው። ቡሎን የሚመታበት እጀታው ረጅም መዶሻ፣ የበረሃ ፀሐይ ያነጣው ኮፍያ፣ ቀይና አረንጓዴ መስታወት የሚቀያየርለት ፋኖስ። ከፍራሹ ሥር ወደ ግድግዳው ተገፍቶ የተቀመጠው ግን የብስኩት ቆርቆሮ ነበር። ስትከፍተው ዘይት የጠጣ ጨርቅ፣ ከጨርቁ ውስጥ ደግሞ የጫማ ቀለም ቆርቆሮ የሚያካክሉ ክብ ክብ ከባድ ነገሮች፤ እያንዳንዱ ግራና ቀኙ የሚታጠፍ የእርሳስ ብረት ማሰሪያ አለው። አንዱ ሽፋን ላይ የፈረንጅ ጽሑፍ ነበረበት። ጽሑፉን ስታይ መጀመሪያ የመጣላት ማቃጠል ነው። ቀጥሎ እሳትና ይህ ነገር ቢገናኙ የሚሆነው ታሰባትና ቆርቆሮውን እንደ አራስ ልጅ ታቅፋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

ከአጥሩ ወዲያ ጎረቤቷ ሀሊሜ ወንፊት ልትዋስ ተጣራች። ሀሊሜ የፖሊሱ የቶላ ሚስት ናት። አሰገደች ቆርቆሮውን ነጠላዋ ሥር አድርጋ ወጣች። የሽንኩርት ዋጋ ተነሣ፤ ኪሎው ከስሙኒ አልፎ ወደ አርባ ሳንቲም መድረሱ፣ ነጋዴው ሁሉ ቤንዚን ተወደደ ብሎ ማመካኘቱ፣ ሽንኩርት ደግሞ ከመቼ ወዲህ ቤንዚን እንደሚጠጣ። ከዚያ ሀሊሜ ወንፊቱን ተቀብላ ልትሄድ ስትል መለስ አለች።

"አሰጉ፣ ቶላ ዛሬ ወደ እናንተ ነው የሚመጣው። ጫማውን አውልቆ እንዲገባ ንገሪው፤ የእኔን ቤት በጭቃ ጨርሶታል።"

አሰገደች የሚፈልጉት ምን እንደሆነ እንደዋዛ ጠየቀች።

"ወረቀት፣ ጠመንጃ፣ ድማሚት፣ ያገኙትን ነዋ። ድማሚት የተገኘበት ቤት ግን ቤተሰቡ በሙሉ ነው የሚታሰረው አሉ። ድመቷም አትቀር።" ሀሊሜ ሳቀች። ነጠላዋ ሥር ያለው ነገር ድመት ያህል የከበዳት አሰገደችም ሳቀች።

አማቷን እንዳትጠይቅ ቤት የሉም። አቶ ወልደሰንበት በየማለዳው ከሰፈሩ ቁልቁል ወዳለው የእንጨት ድልድይ ይወርዳሉ። ማንም አልቀጠራቸውም። መዶሻቸውን ይዘው ይሄዱና ድልድዩን የተሸከሙትን ግንዶች አንድ በአንድ እየመቱ፣ አንገታቸውን ዘመም አድርገው ያዳምጣሉ፤ አላፊ አግዳሚው ደግሞ እሳቸውን ያዳምጣል። እረኞቹ "የድልድዩ ሐኪም" ብለዋቸዋል። ከበልጉ ዝናብ ወዲህ መሐል ላይ ያለው ግንድ "አይመልስም" እያሉ ነበር። ፈቃደ ይህንን በሰማ ቁጥር ወሬውን ለውጦ ስለ ደመወዝ ጭማሪ ያወራል። ስለዚህ አሰገደች ያላት ሰው አንድ ነው፤ አማቷ በባቡር ቤት ፈረንሳይኛ ሸፍ፣ አለቃዬ፣ የሚሉት፣ እሱም ሸፍ የሚላቸው አቶ ሀሰኖ። ሀሰኖ እዚያው አሰላ ተወልዶ፣ በወጣትነቱ ቆላ ወርዶ የባቡር ፍሬን ያዥ ሆኖ ኖሮ የተመለሰ ባለሱቅ ነው። ቆርቆሮውን ዘንቢል ውስጥ ከትታ፣ ድንች ከላይ ሞልታ መንገድ ወጣች።

መንገዱ ዕድሜዋን ወሰደው። ዘንቢሉን ቢወዛወዝ ይፈነዳል ብላ ከሆዷ ጋር አጣበቀችው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ከፈነዳ ሆዷን እንደሚያገኘው ታሰባት። አንድ የጋሪ ፈረስ ከኋላዋ መጥቶ በአፍንጫው ገፋ ሲያደርጋት ቆማ ዓይኗን ጨፈነች። ባለጋሪው "ምነው እመቤት፣ ጸሎት ላይ ነዎት?" አላት። የምታውቃቸው ሁሉ በዚያ ቀን ሰላምታ ሊያበዙላት የተስማሙ ይመስላሉ። ወይዘሮ አልጣሽ የምትባል የንስሐ አባቷ ዘመድ ድንቹን አይታ አንዱን አነሣች፣ አገላበጠች፣ ከየት እንደገዛችው ጠየቀች፣ ሌላም ልታነሣ እጇን ሰደደች። አሰገደች "የታመመ ነው" አለች፤ ሌላ የሚባል አልመጣላትም። አልጣሽ ድንቹን ወርውራ መልሳ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ድንቹ ቆርቆሮው ላይ አርፎ ኳ አለ። አሰገደች እስከ ሀሰኖ ሱቅ ድረስ የሄደችበትን መንገድ በኋላ ልታስታውሰው አልቻለችም።

ሀሰኖ ቆርቆሮውን ከፍቶ ሲያይ ፊቱ በራ። አንዱን አውጥቶ መዳፉ ላይ አመዛዘነው። አሰገደች ወደ ሳሙናው ካርቶን ሸሸች።

"ፔታር ነው እኮ! ወላሂ እስካሁን አለው?" አለ። "አንቺ፣ ይሄ ሰው አይገድልም። ሀዲዱ ላይ በዚህ በእርሳሱ ታስሪዋለሽ፤ ባቡሩ ሲረግጠው ይጮኻል። ነጂው ሲጮህ ሰማ፣ ፍሬን ያዘ። አለቀ። ሰው እንዳይሞት ነው የሚጮኸው።"

ከዚያ የጀመረውን ማን ያቁመው። ስኳር ሊገዛ የመጣውን ሰው አስቁሞ፣ ከመጨረሻው ፉርጎ ላይ ሆኖ ሌሊቱን ሙሉ ፉጨት ሲያዳምጥ እንደሚያነጋ አወራ፤ አንድ ፉጨት ሲሆን ፍሬኑን ማጥበቅ፣ ሁለት ሲሆን መልቀቅ። ባቡር ከባቡር ጋር እንዳይገናኝ ጣቢያው በስልክ መስመሩ ነጻ ነው እስኪል እዚያ በረሃ ላይ ቆሞ መጠበቅ፤ ተሳፋሪው ወርዶ ሻይ ሲጠጣ፣ ግመል ሀዲዱ ላይ ተኝቶ አልነሣም ሲል። አንድ ማለዳ ከመተሐራ አለፍ ብሎ፣ ጎርፍ ባደረ ቀን፣ ፔታር ጮኸ። ነጂው እንዲህ ፍሬን ያዘ፤ የዶሮ ቅርጫት ሁሉ ተገለበጠ። ወርደው ሲያዩ ወልደሰንበት ሁለቱ ሀዲዶች መሐል ፋኖስ ይዞ እንደ ምሰሶ ቆሟል። ፔታር ያኖረ ሰው ከቦታው ንቅንቅ አይልም፤ ነጂው ወርዶ እስኪጠይቀው ቆሞ ይጠብቃል፣ ሲጠየቅ ምክንያቱን ይናገራል፣ ሕጉ ነው። ድልድዩ ሥር አፈሩ ተሸርሽሯል አለ። ሰው ሁሉ ወረደ፣ በእግሩ ተሻገረ፣ ባቡሩ ባዶውን በሰው ርምጃ አለፈ። "ማዶ ስንደርስ አንዱ ሐረሬ በእግሬ ለሄድኩበት ሒሳብ ይመለስልኝ ብሎ ከባቡሩ ሸፍ ጋር ተደባደበ" ብሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

አሰገደች ያን ጊዜ፣ እንግዲያው ቆርቆሮውን እርስዎ ዘንድ ላስቀምጠው አለች። ሀሰኖ ሳቁን ሳይጨርስ ወደ መንገዱ አየ። ፔታሩን በቀስታ መለሰው፣ ጨርቁን አለበሰው፣ ክዳኑን ገጠመ፣ ድንቹንም ራሱ አንድ በአንድ ከላይ ደረደረላት። እሱ ደሃ ነጋዴ መሆኑን፣ ፖሊሶች ፈረንሳይኛ እንደማያውቁ፣ ሚስቱ ዙቤዳም ልቧ ደካማ እንደሆነ አስረዳት። ከሱቁ ሲያወጣት ሳትጠይቀው አንድ ሳሙና በነጻ ሰጣት።

ስትመለስ አቶ ወልደሰንበት ከበሩ ደፍ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን በእንጨት ይፍቁ ነበር። ዘንቢሉን ወጥ ቤት አስገብታ ድንቹንም ቆርቆሮውንም ከድንቹ ጆንያ ጨመረችና የጾም ሽሮ አቀረበች። ግንዱ ዛሬ ብሶበታል አሉ፤ ማዳበሪያ የጫነ ካሚዮን ሲያልፍ ስንጥቁ ውኃ ተፋ። ለሚመለከተው ሰው ሊነግሩ ሄደው ነበር፤ ሰውየው አቤቱታ ከሆነ በማመልከቻ፣ ጥቆማ ከሆነ ለፖሊስ ብሎ መለሳቸው። ይህንን ሲናገሩ ቅሬታ አልነበረባቸውም፤ ጣቢያ እየቀያየረ እንደሚሄድ ስልክ ነበር የቆጠሩት። ከዚያ ፈቃደ በስንት ሰዓት አውቶቡስ እንደሚመለስ ጠየቁ። ከሰዓት በኋላ በሚመጣው ነው አለች። በሉ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ወደ ክፍላቸው ገቡ። ፍራሹ ሲነሣ ሰማች። ሲወጡ ኮፍያቸውን አድርገው ፋኖሳቸውን ይዘዋል።

"አሰገደች ልጄ፣ አንዲት የብስኩት ቆርቆሮ ነበረችኝ።"

"እኔ አላየሁም አባባ።"

እሳቸው አዩዋት። እሷ ሳህኑን አየች። አምስት ዓመት አንድ ግቢ ሲኖሩ አንድም ቀን ተዋሽተው አያውቁም ነበርና ሁለቱም እንዴት እንደሚቀጠል አላወቁበትም። ሽማግሌው የኮታቸውን ኪስ ዳበስ ዳበስ አድርገው፣ "ግድ የለም፤ የመንገዱ አለኝ" አሉና ወጡ። አሰገደች የመንገዱ ያሉት ትምባሆ መስሏት ነበር። ሰማዩ ከጭላሎ ተራራ በኩል ጠቁሮ ካፊያ ጀመረ።

ቶላ የመጣው ጫማውን ሳያወልቅ ነው። ከሱ ጋር የመጣው ሌላ ፖሊስ ጓሮውን ሊፈትሽ ሄደ። ቶላ ሳሎኑ መሐል ቆሞ የት እንደሚጀምር ግራ ገባው፤ በየፋሲካው የሚጋበዝበት ቤት ነው። ጃንሆይን ሲያይ ተረከዙን ገጠም አደረገ፤ ዝቅ ብሎ የተቀደደውን ጠርዝ ሲያይ ደግሞ "መጋቢት የት ሄደ?" አላት። አይጥ በላው አለች። ወጥ ቤት ገባ፣ ድስት ከፈተ፣ ሽሮውን አሸተተ፣ ከገዛ ሚስቱ የተረፈ ቂጣ ጠዋት እንደበላና ከዚያ ወዲህ እህል እንዳልቀመሰ በወሬ መሐል አስገባ። አሰገደች አልሰማችውም፤ ዓይኗ ጆንያው ላይ ነበር። ቶላም ዓይኗን ተከትሎ ጆንያውን አየ። ሄደ። እግሩ ደክሞታል፣ ጫማው ውስጥ ጠጠር ገብቷል፤ ዞር ብሎ በሙሉ ክብደቱ ጆንያው ላይ ተቀመጠና ክሩን መፍታት ጀመረ።

ያን ጊዜ ነው የጮኸው። አንድ ጊዜ፤ ትንፋሽ እስኪወስዱ ቆየና ሁለተኛ።

ቶላ አንድ ጫማውን እንደያዘ ዘለለ። አሰገደች መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር፤ እንዴት እንደተቀመጠች አታውቅም። ጆንያው እንዳለ ነው። ድንቹ ድንች ነው። ፍንዳታው የመጣው ከሩቅ፣ ከቁልቁለቱ፣ ከድልድዩ በኩል እንደሆነ የገባት ቶላ በአንድ እግር ጫማው እየነጠረ፣ ሌላውም ፖሊስ ከጓሮ እየሮጠ ከግቢው ከወጡ፣ የሰፈሩም ሱቅ መዝጊያ ተራ በተራ ሲዘጋ ከሰማች በኋላ ነው። የመንገዱ አለኝ ያሉት ኪሳቸው ውስጥ የነበረውን ፔታር እንደሆነም የገባት ያኔ ነበር። ድልድዩ ላይ የሚያልፈው ደግሞ ባሏ ያለበት አውቶቡስ ነው። ተነሥታ እስከ ግቢው በር ወጣች።

ብዙ ሳይቆይ አውቶቡሱ ጥሩንባውን እየነፋ በሰፈሩ አለፈ፤ እንደዚያ ፈጥኖ አልፎ አያውቅም። ፈቃደም ገባ፤ ሸሚዙ በሰው ቲማቲም ቀልቷል፣ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። ተኩሰውብን ነበር አላት። ድልድዩ አፍ ላይ ስንደርስ ቦምብ ከፊት ፈነዳ፤ ሹፌሩ ጀግና ነው፣ ቤንዚን ረግጦ ሸመጠጠ፤ ሁለተኛውም ፈነዳ፣ አላቆመም፤ ብዙ ናቸው፣ አንደኛው እንደ ሰይጣን ከመንገዱ ዳር ቆሞ ቀይ ነገር ያውለበልባል። አሰገደች ውኃ ሰጠችው። ውኃውን ጠጥቶ ሲጨርስ ሽፍቶቹ ሰባት ደርሰው ነበር።

አንደኛው ሽፍታ በጓሮ በር ገቡ። ከኮፍያቸው እስከ ጫማቸው ርሰዋል። ፋኖሳቸውንና ቀዩን ጨርቅ አስቀምጠው ልጃቸው ፊት ቆሙ። እንደዚያ ተቆጥተው አይታቸው አታውቅም።

"ሹፌሩ ማን ይባላል?" አሉ። "አንዱን ሰማ፣ አልቆመም። ሁለተኛውን ሰማ፣ ባሰበት። እስካሁን ቆሜ ጠበቅሁት፤ ሊጠይቀኝ አልተመለሰም።"

ፈቃደ ነገሩ የገባው ቀስ በቀስ ነው። ሲገባው ብርጭቆውን ወለሉ ላይ አስቀመጠ። አባቱ የሚሰሙት አይመስልም፤ ፔታር የሰማ ሰው ፍሬን እንዳይዝ የሚያደርገውን ነገር ከልባቸው ሊረዱት ይጥሩ ነበር። ልጅየው፣ አባባ፣ በዚህ ዘመን የጮኸ ነገር ሲሰማ የሚቆም ሰው የለም፣ ሰው ሁሉ ሲጮህ ነው የሚሮጠው ሊላቸው ፈልጎ ነበር፤ የወጣለት ግን ሌላ ነው።

"እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ይገባዎታል? አንድ ቃል ከተነፈሱ አለቅን። ሁላችንም።"

"ግንዱ አሁን ተሰብሯል" አሉ አባቱ። "ያ ክብደት በዚያ ፍጥነት አልፎበት ደኅና አይሆንም። ለሚቀጥለው መናገር አለብኝ።"

ፈቃደ ወጥቶ የግቢውን በር ቆለፈ። ቁልፉን አሰገደች እጅ ላይ ጣለና ተመልሶ አልጋው ላይ በጫማው ተጋደመ። ወፎች ወደ ዛፋቸው ገብተዋል፣ መብራት አልተለኮሰም። ከላይ ከከተማው የካሚዮን ድምፅ ተሰማ፤ በአጥሩ ቀዳዳ ሲያልፍ የፖሊሶቹ ባርኔጣ በድንግዝግዝ ታየ፤ ሽፍታ ሊያሳድዱ ነው። ሀሊሜ ከአጥሯ ወዲያ ሆና ካለፈው መኪና ኋላ ቶላ፣ ቶላ እያለች ተጣራች፤ ሲሮጥ መንገድ ላይ የጣለውን ጫማ በአንድ እጇ ይዛለች፤ አንዱን እግሩን ባዶውን ነው የሄደው። ካሚዮኑ ወደ ቁልቁለቱ ወረደ። አቶ ወልደሰንበት አንገታቸውን ዘመም አደረጉ። አሰገደችም ሳታስበው አንገቷን ዘመም አደረገች። የሞተሩ ድምፅ ዝግ አለ፣ ጣውላው መንጓጓት ጀመረ፣ መሐሉ ላይ አንድ ደረቅ ነገር ቀጭ አለ፣ ከዚያ ሞተሩ ማዶ ያለውን ዳገት እያቃሰተ ሲወጣ ተሰማ።

"አለፈ" አለች አሰገደች።

"ይመለሳል" አሉ ሽማግሌው።

ሀሊሜ አሁንም አጥሩ ጋ ነበረች። ቶላ ወፍራም ካልሲ እንኳ እንዳላደረገ፣ በዚህ ብርድ እግሩን እንደሚያመው ለራሷ ትናገራለች። አሰገደች ቁልፉን መዳፏ ውስጥ አገላበጠችው። ፈቃደ ወደ ግድግዳው ዞሯል፤ እንዳልተኛ ከጀርባው ታውቃለች፤ እሱም እንደምታውቅ ያውቃል። ድንቹን ከጆንያው አንድ በአንድ አወጣች። ቆርቆሮውን አማቷ ፊት አኖረችው። ሽማግሌው ቆርቆሮዋን አይተው ቀን አላየሁም ማለቷን አላነሡም። እሷ ግን አንድ ነገር ለመነቻቸው፤ ዛሬ ሌላ እንዳይጮህ፣ በፋኖሱ ብቻ ይሁን። አሰቡበት። ነጂው ዓይን ካለው ፋኖስ ይበቃል፣ ነገር ግን ጠባቂ ያለ ፔታር መስመር ላይ አይወጣም፣ ይዘሽው ነይ አሉ። አሰገደች ቆርቆሮውን ነጠላዋ ሥር ታቀፈች፣ በሩን ከፈተች፣ ቁልፉንም ባሏ እንዲያገኘው በሩ ላይ ተወችው።

ድልድዩን በእግራቸው ተሻግረው ማዶ ቆሙ። ሥራ የሚባለው ነገር ይኸው ነበር፤ መቆም። ከሥራቸው ውኃው ይጮኻል። አሰገደች ጥርሷ ሲንገጫገጭ ቆርቆሮውም አብሮ እየተንገጫገጨ እንደሆነ ስታውቅ ጥርሷን ነከሰች። ሽማግሌው ፋኖሱን ለኩሰው ቀዩን መስታወት ገጠሙ። "መብራቱን ስታዪ እንዳትሮጪ" አሏት። "የሚሮጥ ሰው ነጂን ያስደነግጣል።" እሳቸው ራሳቸው የደነገጡ አይመስሉም ነበር፤ እርጥብ ኮታቸው ውስጥ ቀጥ ብለው፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ ሥራ ገበታው የተመለሰ ሰው ነበሩ። የካሚዮኑ መብራት ከዳገቱ አናት ብቅ ሲል አሰገደች እግሯ መሸሽ መጀመሩን አየች። አንድ ርምጃ ከሄደ በኋላ መለሰችው።

ካሚዮኑ ቆመ። ለምን እንደቆመ ኋላ ብዙ ተብሏል፤ እውነቱ ሹፌሩ ቀይ መብራት ሲያይ እግሩ ሳያማክረው ፍሬን ረገጠ። ጠመንጃዎች ከላይ ተደቀኑ። መቶ አለቃው ከጋቢናው ሳይወርድ አንገቱን አወጣ።

"ቦምቡን የወረወርከው አንተ ነህ?"

"አልወረወርኩም ጌታዬ። አስቀመጥኩ። መወርወር ክልክል ነው።" ቀጠሉ፤ ስማቸውን፣ የድሮ የሥራ ቦታቸውን፣ ያስቆሙበትን ምክንያት፣ የግንዱን ሁኔታ፣ በዚያው በማይዋዥቅ ድምፅ ተናገሩ። መቶ አለቃው ግማሹን አልሰማም። ምሽቱን ሙሉ ሰባት ናቸው የተባሉ ሽፍቶች ሲፈልግ ቆይቶ አንድ ያመነ ሽማግሌ እጁ ገብቷል። እሰሩትና ጫኑት አለ። አሰሯቸው። ሽማግሌው ሁለት እጃቸውን በፈቃዳቸው ሰጡ፣ ፋኖሱን ግን አለቀቁም።

"እወጣለሁ ጌታዬ፤ ግን ከድልድዩ ማዶ" አሉ። "እዚህ ሰው ሁሉ ይወርዳል። መኪናው ባዶውን ያልፋል። ሕጉ እንደዚያ ነው።"

መቶ አለቃው ሳቀ። ከኋላ ካሉት ግን የሳቀ አልነበረም። ሲመጡ መሐል ላይ የተሰማውን ቀጭታ ሁሉም ሰምተውታል፤ ሁሉም ሽፍታ ነው ብለው ዝም ብለዋል። መጀመሪያ ቶላ፣ ባዶ እግሬ ደነዘዘብኝ ብሎ ወረደ። አንዱ ሽንት ያዘኝ አለ። ሦስት ሆነው የእሱን ሽንት ሊጠብቁ ወረዱ። ሹፌሩ ሞተሩ ግሏል፣ ይቀዝቅዝ አለና በሩን በቀስታ ዘግቶ ወረደ። መቶ አለቃው ጋቢናው ውስጥ ብቻውን ቀረ። ተሳፈሩ ብሎ አንድ ጊዜ ጮኸ፤ ድምፁ የተመለሰለት ከወንዙ ብቻ ነበር። ጥቂት ቆይቶ እሱም ሁኔታውን ለመመርመር ወረደ። ግንዱን ግን ማንም አልመረመረም፤ በባትሪ አጎንብሶ ያየ አንድ ሰው አልነበረም። በዚያ ምሽት ተሰብሮ ይሁን ደኅና ይሁን እስካሁንም የሚያውቅ የለም።

መኪናውን እዚያው ትተው ጉዞው በእግር ሆነ። ከፊት እስረኛው፤ በታሰረ እጃቸው ቀዩን መስታወት አውጥተው አረንጓዴውን ገጠሙና ፋኖሱን ከፍ አድርገው ድልድዩ ላይ ወጡ። ከኋላቸው መቶ አለቃው፣ ከኋላው ፖሊሶቹ በአንድ ረድፍ፣ ተራርቀው፣ በሰው ርምጃ። ሁሉም እግሩን አስቀድሞ እየዳሰሰ ይረግጣል። አሰገደች ከመጨረሻ ሆነች። ማንም ምን ትሠሪያለሽ አላላትም፤ የታሰረ ሰው ቤተሰብ ከኋላ መከተሉ የተለመደ ነው። ጣውላው ረጥቦ ያሟልጫል። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዶ እግሯ ላይ ሊጠመጠም ሲል ቶላ ዞር ብሎ አያት።

"አሰጉ፣ ምን ይዘሽ ነው?"

"ድንች" አለች። ከዚያ ድንች ብቻ እንዳልበቃ ስለገባት፣ "ለሳቸው። ስንቅ ነው" አለች።

ቶላ አዘነ። ሽማግሌውን በፋሲካ በፋሲካ ያውቃቸዋል፤ ቀን ሊፈትሽ የገባውም የእሳቸው ቤት ነበር። አንድ ደግ ነገር ማድረግ ፈለገ። እምቢ ሳትለው ቆርቆሮውን ከእቅፏ ወስዶ ብብቱ ሥር ወተፈውና አንድ እግሩ በጫማ፣ አንድ እግሩ ባዶ፣ እያነከሰ ቀጠለ። ቆርቆሮው ውስጥ ያለው በየርምጃው ኳ፣ ኳ ይላል። አሰገደች ከኋላው ሆና ያን ጫማ ብቻ አየች፤ ከእርጥቡ ጣውላ ላይ ሲነሣ፣ ሲቆይ፣ ሲያርፍ። መሐሉ ላይ ደረሱ። ከፊት ያለው አረንጓዴ መብራት ቆመ፤ ረድፉ ሁሉ ቆመ። ሽማግሌው አልዞሩም። አንገታቸውን ግን ዘመም አደረጉ፤ ያን የቆርቆሯቸውን ድምፅ ያውቁታል።

"ቶላ ልጄ" አሉ፣ "ቀስ ብለህ ርገጥ።"